መርዙን ማን ይጠጣው?

የቴአትሩ አዘጋጅ ከመጋረጃው ጀርባ ፀጉሩን ሊነጭ ምንም አልቀረው። እናቱን የፊት ወንበር ላይ ያስቀመጣቸው ራሱ ነበር። መድረኩ ላይ ሚስቲቱ ባሏ መርዝ የጨመረበትን ብርጭቆ ወደ አፏ ስታስጠጋ፣ የአዘጋጁ እናት ብድግ አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ እንዳትጠጪ! ሲጨምርበት በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ!»

ተዋናይቷ ክው አለች። አዳራሹም «እውነታቸውን ነው!» ብሎ ደገፋቸው። አዘጋጁ «ጠጪው እንጂ! አንቺ ካልሞትሽ ቴአትሩ የት ይደርሳል?» እያለ በሹክሹክታ ቢለፈልፍ ማን ይስማው! እሷ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። ባልየው ላብ በላብ ሆኖ «አሁንስ?» በሚል ዓይን ወደ መጋረጃው ዞረ።

«እንግዲህ አንተ ጠጣዋ!» አለ አዘጋጁ ጥርሱን ነክሶ።

ባልየው ጠጥቶ ሲወድቅ የአዳራሹ ጣራ በጭብጨባ ክንድ ያህል ተነስቶ ተመለሰ። እናትየው ቁጭ እያሉ «እሰይ!» አሉ። «እኔ ባልመጣ ኖሮ ልጄ ይቺን ምስኪን አስገድሏት ነበር እኮ!»