ሳሙና የማይገባበት ቤት

የሐረና ጫካ ከደረቀ ወዲህ፣ በእርጥብ ድንጋይ ላይ ይበቅሉ የነበሩት ቅጠሎች ለየቤቱ በአደራ ተከፋፈሉ። ለእኛ የደረሰችን ቀንዳሟ ናት፤ ከጥፍር የማትበልጥ፣ ቀጭን ቀንድ የምታወጣ ቅጠል። በአገሪቱ ካርታ ላይ መገኛዋ አንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ እሱም የእኛ መታጠቢያ ቤት። እኔ በየትኛውም ካርታ ላይ የለሁም።

የሳሙና ሽታ ይገድላታል ተብሎ ሳሙና ከቤታችን ከወጣ ሦስት ዓመቱ። ባሌ አየነው ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ የሚሄደው እሷ ዘንድ ነው።

"እንዴት አደርሽ የኔ ቆንጆ?" ይላታል። እኔን ደግሞ፣ "ውሃዋን አጣራሽላት?" ይለኛል። ቀንድ ያወጣች ለት ጎረቤት ጠርቶ አሳየ፤ እኔ ሹሩባ ተሠርቼ ብመጣ ግን ቀና ብሎም አላየኝ።

ትናንት እህቴ ቤት ሄጄ በሳሙና ታጠብኩ። አንገቴን ደጋግሜ ፈተግሁት።

አየነው ከሥራ ሲገባ በሩ ላይ ቆም አለ። ከዚያ ጠጋ አለኝና አንገቴ ሥር በረጅሙ አሸተተኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ሳሙና ነው?" አለኝ።

"አዎ" አልኩት።

ገፍትሮኝ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሮጠ። "ተመስገን፣ ደህና ናት!" ሲል ሰማሁት።

ከዚያ በሩን ከውስጥ ቆለፈው።