የእህት ጉርሻ

የዳንግላ ጤና ጣቢያዋ ነርስ ባዘዘውን፣ "የስኳር በሽታ ገና አልያዘዎትም፣ ጫፉ ላይ ነዎት፤ ጣፋጭ ይተዉ፣ ጎመንና ባቄላ ያዘውትሩ" ብላው ነበር። እሱ ግን ቤቱ ገብቶ፣ "የከለከሉኝ ስኳር ነው፤ ማርማ መድኃኒት ነው" አለ። ሚስቱ ይመኙሽ ሁለቱንም ሰምታለች።

እሁድ ዕለት ታላቅ እህቱ ከጥሊሊ ነጭ ማር ይዛ መጣች። በእንጀራ ጠቅልላ፣ "በሞቴ" እያለች ወደ አፉ ዘረጋችለት። ይመኙሽ የጎመኑን ሳህን እንደያዘች ቆማ ቀረች። የታላቅ እህት ጉርሻ እንዴት ይመለሳል?

"አንቺም ቅመሽ እንጂ፣ ማር ነፍስሽ አይደል" አለቻት እህቱ።

"ትቻለሁ፣ እትዬ።"

"ምን አግኝቶሽ?"

"እኔ እየላስሁ እሱን ተው ማለት አልሆንልሽ አለኝ።"

ባዘዘው ሚስቱን ቀና ብሎ አያት። ከዚያ የተዘረጋውን እጅ ያዘና ቀስ አድርጎ ወደ እህቱ አፍ መለሰው።

"አንቺው ጉረሽልኝ፣ እትዬ" አለ። "ከዛሬ ጀምሮ እኔም ማር ትቻለሁ።"