ሞራው ምን ይላል?

ሶፊ ድምፅዋ ያምራል። አዳማ ያለው የፕሮጀክት ቢሮ የቀጠራትም ለዚሁ ነው ማለት ይቻላል። ሰኞ ሰኞ የሳምንቱን የአየር ትንበያ በኦሮምኛም በአማርኛም ትቀዳለች። ገበሬው በነጻ የስልክ መስመር ይደውልና መቼ እንደሚዘንብ፣ መቼ እንደሚዘራ ከእሷ ይሰማል። መስማት ከፈለገ ነው እንግዲህ።

ከወለንጪቲ ወጣ ብላ ባለችው ቀበሌ ግን የሚሰማ ጠፋ። ከዚያ የሚደውለው አንድ ስልክ ብቻ ነው። አለቃዋ አቶ ሰይፈሚካኤል እሱንም አላመኑበትም።

«ኪስ ውስጥ የስልኩ ቁልፍ በስህተት እየተጫነ ነው» አሉ። «በዚህ ክረምት ደዋይ ካልበዛ መስመሩ ይዘጋል። አንቺም ከወዲሁ ሥራ ፈልጊ።»

ሶፊ በገነች። ገበሬውን የቀሟት አቶ መርጋ መሆናቸውን ታውቃለች። አቶ መርጋ ሞራ ገላጭ ናቸው፤ የታረደ በግ ሞራ ዘርግተው የሰማዩን ነገር ያነባሉ። አምና የጎረቤት ቀበሌ ሰዎች በአታላይ ዝናብ ተሞኝተው ዘሩ፤ ቦለቄያቸው መሬት ውስጥ ቀረ። የአቶ መርጋ ሰዎች «ቆዩ» ተብለው ቆዩ፤ ጎተራቸው ሞላ። ከዚያ ወዲያ ማን ስልክ ይደውላል?

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ራሷ ሄደች። ማክሰኞ የሞራ ቀን ነው። የሰዉ ስልክ በር ላይ በተቀመጠ ቅርጫት ተሰብስቧል፤ አቶ መርጋ ኔትወርክ ሞራውን ያጨልመዋል ይላሉ።

«አካም ቡልተን፣ አባባ መርጋ» ብላ ሶፊ በኦሮምኛ እንደምን አደሩ አለቻቸው።

አቶ መርጋ ድምፅዋን ሲሰሙ ከሞራው ላይ ቀና አሉ። ትንሽ አዩዋትና ፊታቸውን አጠቆሩ። ስሟና ስልኳ ያለበትን ካርድ ስትሰጣቸው ባርኔጣቸው ውስጥ ሸጎጡት።

«ለእሳት ማቀጣጠያ ይሆናል» ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ።

የዕለቱ ባለበግ ጋሮምሳ ነበር። «ያለችኝ ዘር አንዲት ኩንታል ናት» አለ። «እሷ ከከዳችኝ ልጆቼን የማበላው የለኝም። ልዝራ ወይስ ልቆይ?»

አቶ መርጋ ሞራውን ወደ ፀሐይ አነሡት። «ሐሙስ ይዘንባል። አትመነው! ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ደረቅ ነው። ዘርህን ያዝ።»

ሶፊ ክው አለች። ትናንት የቀዳችው ይኸንኑ ነው። ሳተላይቱ፣ ኮምፒውተሩና ከውጭ የመጣው ባለሙያ ተረዳድተው የደረሱበትን አንድ በግ ብቻውን ደረሰበት። እንደተባለውም ሐሙስ ዘነበ፤ ከዚያ ፀሐይዋ መሬቱን ጠበሰችው። የጋሮምሳ ዘር ተረፈ።

ሶፊ ሐቀኛ ናት፤ ቢሮ ውስጥ ይህ ጠባይ ያስጎዳል። ያየችውን አንድም ሳታስቀር ለአለቃዋ ነገረች። አቶ ሰይፈሚካኤል ከወንበራቸው ተነሡ።

«አገር በቀል ዕውቀት!» አሉ። «ይኸን ይዘን እኮ ነው የምንታወቀው!»

አዳማ ሆቴል ውስጥ ዎርክሾፕ ተጠራ። ስለ ሞራ ሦስት ባለሙያዎች ተናገሩ፤ የተናገሩት ስለ ሞራ ይሁን ስለ ምሳው በግልጽ አልለየም። አቶ መርጋ የፕሮጀክቱ ኮፍያና ሰደርያ ተሰጥቷቸው የአየር ጠባይ አማካሪ ሆኑ፤ ተጨበጨበላቸው። ብቻ አንድ ነገር ሊጠይቁ ሁለት ጊዜ እጃቸውን አውጥተው ነበር፤ ሰዓት አልፏል ተባሉ። ትርፍ ወጪ ነው ተብሎ የስልክ መስመሩ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ተዘጋ።

በማግስቱ ማክሰኞ ጠዋት ሶፊ ዕቃዋን ካርቶን ውስጥ እየከተተች ሳለ ስልኳ ጠራ። የማታውቀው ቁጥር ነው። ከወዲያኛው ጫፍ ሰው ሲያጉረመርም ይሰማል፤ ብዙ ሰው።

«ልጄ፣ መርጋ ነኝ» አሉ በሹክሹክታ። «በጉ ታርዷል፤ ጋሮምሳ ዘሩን አህያ ላይ ጭኖ ይጠብቀኛል። ምነው ትናንት ማታ ሳትነግሪኝ ቀረሽ?»