ወደ ማዶ መሻገር ያቃታት እናት

«ልቤ... ልቤ ልትቆም ነው... ያዙኝ!»

ሲኒቫ የወደቡ አግዳሚ ወንበር ላይ ዘጭ አለች።

ጣቶቿ ደንዝዘው ተቆላመሙ... ጉሮሮዋ ጠበበ... ቀዝቃዛ ላብ በጀርባዋ ወረደ። አጠገቧ የሚንጫጫው ሰው ድምፅ ከውኃ ውስጥ የሚመጣ መሰላት።

ፊት ለፊቷ መርከቧ ቆማለች። ከሳሌሎሎጋ ወደብ ተነሥታ ወደ ማዶው ደሴት ወደ ኡፖሉ የምትሻገረው።

ማዶ ልጇ ሎሳ አለች... አንድም ቀን ያላቀፈችው የልጅ ልጅም አለ።

«ይኸው! አላልኩም?» አለች የባሏ እህት ማላማ፣ የጎደሬውን ቅርጫት መሬት ላይ እየጣለች። «ሲመሽ ጸጉርሽን ፈትተሽ፣ አበባ ሰክተሽ ባሕር ዳር ዞርሽ፤ የባሕሩ መንፈስም ወደደሽ! አሁን ማን ያስለቅቅሽ?»

«ሐኪሙ... ልብሽ ጤነኛ ነው ብሎኛል እኮ...»

«ሐኪም መንፈስ ያያል እንዴ? አውቶቡሱ ሳይሞላ ቦታ ልያዝልሽ። ወደ ቤት!»

ብላ ሄደች።

ሲኒቫ ስንት ጊዜ ቲኬት ቆርጣ ከዚህ ወንበር ተመልሳለች...

ሰማዩ ሲጠራ የማዶው ተራራ ከደጃፏ ይታያታል። ጭስ ስታይ «ሎሳዬ እሳት አነደደች» ትላለች ለራሷ።

ለሎሳ ግን እውነቱን ተናግራ አታውቅም። «መንፈስ ያደረባት» መባልን ፈርታ፣ «እርሻው በዝቶብኝ ነው» ትላለች። በሰው እጅ ጎደሬ ትልካለች። ሰሌን ሠርታ ትልካለች። ራሷን መላክ ብቻ አቃታት።

ሎሳ ደግሞ ሳታስፈቅድ በማግባቷ እናቷ ያኮረፈቻት መሰላት።

ትናንት ደወለች።

«እማ፣ እሑድ ልጄ ይጠመቃል። አሁንም ካልመጣሽ... ከእንግዲህ አልለምንሽም።»

ስልኩን ዘጋችው።

ነገ እሑድ ነው። ይቺ ደግሞ የመጨረሻዋ መርከብ ናት።

ወንበሩ ጫፍ ላይ የተቀመጡ ጸጉረ ነጭ ሽማግሌ ቀስ ብለው ጠጋ አሉ።

«እህቴ... ውሻ አባሮሽ ያውቃል?»

በዚያ ጣር መሃል እንኳ ተናደደች። «አባባ፣ እዚህ ደሴት ላይ ውሻ ያላባረረው ማን አለ!»

«ያኔ ልብሽ ምን ሆነ?»

«ደረቴን... በጥሶ ሊወጣ...»

«ገደለሽ?»

«አልገደለኝም።»

«አሁንም ያው ልብ ነው። ሩጪ ብሎ ደም እየረጨልሽ ነው። ጉዱ ውሻው አለመኖሩ ነው... በይ አየሩን ቀስ ብለሽ አውጪው፤ ትኩስ ሾርባ እንደምታበርጂ። ከማስገባትሽ ማውጣትሽ ይርዘም። አትታገይው። ማዕበል ነው፤ ይወጣል፣ ይወርዳል።»

አወጣች... አስገባች... አወጣች...

መጀመሪያ ጣቶቿ ተፍታቱ። ከዚያ ጉሮሮዋ።

«ባሕሩ ማንን ወሰደብሽ?» አሉ ድንገት።



«ባሌን። ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ቀረ። አሁን ማዶ ያለችው ልጄ ሎሳ ያኔ ጡት አልጣለችም።»

«አለቀስሽ?»

«እኔ ካለቀስኩ ልጅቷን ማን ያሳድጋት?»

«አየሽ... አንቺ ዋጥ አደረግሽው። ገላሽ ግን አልረሳም። ልጅሽ መርከብ ላይ ስትወጣ 'ባሕሩ ይቺንም ሊወስዳት ነው!' ብሎ ጮኸ። ይኸው መርከብ ባየ ቁጥር ይጮኻል።»

ሲኒቫ ደነገጠች። እውነት ነው... መጀመሪያ ጣቶቿ የደነዘዙት እዚሁ፣ ለሎሳ እጇን እያውለበለበች ነበር።

«ሐኪም ነዎት?»

«እኔ? ኧረ ሐኪም ነግሮኝ ነው» ብለው ፈገግ አሉ። «ፈለቲ እባላለሁ።»

የመርከቧ ጡሩምባ ጮኸ።

ሲኒቫ ተነሣች። ቲኬቷን ጨበጠች።

«ይነሡ እንጂ አባባ፣ ጥላን ልትሄድ ነው!»

ሽማግሌው አልተነሡም።

ያኔ ነው እጃቸውን ያየችው... ጣቶቻቸው ተቆላምመዋል። ከንፈራቸው አመድ መስሏል።

«አንቺ... ሂጂ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ቲኬት ቆርጬ፣ መርከቧን አይቼ... እመለሳለሁ።»

«ማዶ ማን አለዎት?»

«ባለቤቴ። ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳ እዚያው ሞተች። እንደ አገራችን ልማድ ወላጆቿ ደጃፍ ላይ ነው የተቀበረችው። እኔ ቀብሯ ላይ አልነበርኩም... እዚህ ወንበር ላይ ነበርኩ።»

ሲኒቫ አንቱታውን ሁሉ ረሳችው።

«ተነሣ!»

«እሞታለሁ...»

«አብረን እንሞታለና! ለእኔ 'አይገድልም' ስትል አልነበር? ተነሣ ብዬሃለሁ!»

ክንዳቸውን በክንዷ ቆለፈችው።

ማላማ ከአውቶቡሱ መስኮት አንገቷን አውጥታ ስትጮህ፣ ሁለቱ እንደ ሰካራም እየተደጋገፉ መርከቧ ላይ ወጡ።

ወዲያው የዳኑ መስሏችሁ ከሆነ... አልዳኑም! መንገዱን ሙሉ ተንቀጠቀጡ። ሲኒቫ አስመለሳት። ፈለቲ ዐይናቸውን ጨፍነው የሚስታቸውን ስም ይጠሩ ነበር።

ማዶ ሲደርሱ ፈለቲ መሬቱን ረግጠው ትንሽ ቆሙ... ከዚያ ሳይሰናበቱ፣ ሚስታቸው ወዳረፈችበት መንደር እንደ ጎረምሳ ፈጠኑ።

ሲኒቫ ከሎሳ ደጅ ደረሰች።

ሎሳ ሕፃኑን ታቅፋ ወጣች። እናቷን ስታይ ድርቅ ብላ ቀረች።

«መጣሽ?... ኩርፊያው ለቀቀሽ?»

ከዚያ እጇን አየች።

«እማ፣ ምን ሆነሽ ነው የምትንቀጠቀጪው?»

«ፈርቼ ነው ልጄ... ይሄን ሁሉ ጊዜ ፈርቼ ነው። አንድም ቀን አኩርፌሽ አላውቅም።»



ሎሳ ሕፃኑን በሚንቀጠቀጡት የእናቷ እጆች ላይ አስቀመጠችላት።

ወዳጆቼ... ደረቱን ይዞ «ልሞት ነው» የሚላችሁን ሰው «አታስመስል» አትበሉት። መጀመሪያ ሐኪም ልቡን ይይለት። ልቡ ደህና ከሆነ፣ ድሮ የዋጠው ነገር እየጮኸበት ይሆናልና አጠገቡ ቁጭ በሉለት። «አይዞህ፣ ምንም የለብህም» ብሎ ጥሎ መሄድማ ማንም ይችላል!

ሳይመጣ የቀረ ሰው ሁሉ ደግሞ ንቋችሁ አይደለም። አንዳንዱ ቲኬቱን ጨብጦ ወደብ ላይ እየናፈቃችሁ ነው።

እስቲ እናንተ... «አኩርፎኛል» ብላችሁ የተዋችሁት፣ ግን «ፈርተህ ይሆን?» ብላችሁ ጠይቃችሁት የማታውቁት ሰው ማን ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ... ወይም ኮሜንቱን ተዉትና ለራሱ ለሰውዬው ደውሉለት።