የምትጮኸው ሰንጢ

ዓለምነው ሰንጢዋን በጋቢው ውስጥ አስገብቶ ከፈታት። «ሲጥጥጥ!» አለች።

«ሙሽራ ናት እንዴ በጋቢ የምትሸፋፍናት? አውጥተህ በብርሃን እያት እንጂ!» አለና ባለሱቁ ዓብዱልሀሚድ ሳቀ።

የዓለምነው ሚስት የሻረግም አብራ ሳቀች። ገበያው ቀንቷታል። ያመጣችው ቅቤ ፀሐይ ሳይበረታ ተሸጦላት፣ ባዶውን ቅል በክንዷ አንጠልጥላ ነው ባሏን ተከትላ እዚህ የዳንግላ ሱቅ የገባችው። ደግሞስ ነገ የእርቅ ቀን አይደል? ሁለት ዓመት እንቅልፍ ያጣ ቤት ነገ ሊተኛ ነው።

የዓለምነውን ታናሽ ወንድም እንየውን በግጦሽ ጠብ የገደለው ደጉ፣ በረሃ ወርዶ ሲንከራተት ቆይቶ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ዓለምነው ሽማግሌዎቹን ሦስት ጊዜ ከደጅ መለሳቸው። በአራተኛው፣ ባለፈው ማክሰኞ፣ ብዙ ሳያስለምን «እሺ» አለ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ፣ በማርያም ደጅ ካለው ወይራ ሥር፣ ደጉ በማጅራቱ ድንጋይ ተሸክሞ ከዓለምነው እግር ላይ ይደፋል። ዓለምነው ድንጋዩን አንስቶ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይላል። ጠመንጃም ጦርም ዱላም ይዞ የሚመጣ እንዳይኖር ተብሏል።

ዓብዱልሀሚድ ሁለት ሰንጢዎች፣ አንዷን ባለቀንድ እጀታ፣ አንዷን ባለእንጨት እጀታ፣ ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አስተኛቸው። ታጥፈው እንኳ አንድ ስንዝር ይሞላሉ።

«ሻጭ ነኝ ብዬ አልዋሽህም» አለ። «ይቺ ባለቀንዷ ከአስመራ የመጣች ናት። አንዴ ከተዘረጋች መቆለፊያዋን ካልተጫንከው አትታጠፍም። ጥፋቷ ጩኸቷ ነው፤ ማጠፊያዋ ደርቋል። ይቺ ባለእንጨቷ የዓደን ናት። ስትከፈት ትንፍሽ አትልም። ግን መቆለፊያ የላትም፤ ጠንካራ ነገር ላይ ከተጫንካት ተመልሳ ጣትህ ላይ ነው። ለምን ሥራ ፈለግሃት?»

«ለዘወትር ሥራ ነው። ጠፍር ለመቁረጥ፣ ቀርከሃ ለመሰንጠቅ፣ ለሁሉም።»

«እንግዲያስ ሞክራቸው» ብሎ ከበስተኋላው ቁራጭ ጠፍር አውጥቶ ወረወረለት።

ዓለምነው ባለእንጨቷን አንስቶ እሷንም በጋቢው ውስጥ አስገባት። ጆሮውን ዘንበል አድርጎ በአንድ እጁ ከፈታት። አጠፋት። ደግሞ ከፈታት። ዓይኖቹ ሰንጢዋ ላይ አልነበሩም፤ ከበሩ ውጭ የሚያልፈውን ሕዝብ ያያሉ።

የሻረግ ባንኮኒው ላይ የቀረውን ጠፍር አየች። ጠፍር እቆርጥባታለሁ ያለ ሰው ጠፍሩን አልነካውም።

«ለነገ ነው?» አለችው በአገውኛ፣ ባለሱቁ እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ለዘወትር ነው አልኩ» አለ እሱ በአማርኛ።

ዓብዱልሀሚድ ሃያ ዓመት እዚህ ገበያ የነገደ ሰው ነው፤ አገውኛው ከአማርኛው አያንስም። አቡጀዲ የሚያጥፉት እጆቹ ለአፍታ ቆሙ። ከዚያ ማጠፋቸውን ቀጠሉ።

የሻረግን የታያት የደጉ ማጅራት ነው፤ ድንጋዩ ሲነሳለት ጎንበስ ብሎ የሚጠብቀው። ደጉ ቢገደል ደሙን የሚመልሱ ወንድሞች አሉት። ከእነሱ በኋላ ደግሞ የእሷ ልጅ ለበቀል ያድጋል። ድንጋዩ ሲነሳ ሰው ሁሉ ጸጥ ይላል። ባለእንጨቷን ማን ይሰማታል? ባለቀንዷ ብትሆን ግን አገር ይሰማታል፤ ሽማግሌዎቹ ዘለው እጁን ይይዙታል።

«ባለቀንዷን ውሰድ» አለች፣ ቅሉን ጠበቅ አድርጋ ይዛ። «ያቺኛዋ ጣትህን በልታህ ዕርፍ መጨበጥ ሊያቅትህ ነው?»

«ትጮሃለች።»

«ትጩሃ! ምን ቸገረህ? ጠፍሩ ሰምቶ እንዳይሸሽ ነው?»

ዓብዱልሀሚድ ሳል ሳል አለ። «እውነቷን ነው» አለ ቀና ሳይል። «ለዘወትር ባለቀንዷ ናት የምትሻለው።»

ዓለምነው ሚስቱን ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ባለቀንዷን አነሳ። «ሲጥጥጥ!» አድርጎ ከፈታትና ጫፏን ባንኮኒው ላይ ተክሎ በሙሉ ክብደቱ ተጫናት። እንጨቱ ተበሳ። ሰንጢዋ አልታጠፈችም።

«ልክ ነሽ» አለ ቀስ ብሎ። «ይቺ አጥንት ላይም አትከዳም። አላሰብኩትም ነበር።»



ሒሳቡን ከፈለ። ዓብዱልሀሚድ ሰንጢዋን በእጁ አላቀበለውም፤ ስለት ከእጅ ወደ እጅ ከሄደ ጠብ ያመጣል። ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ እጁን ሰበሰበ። «ለደግ ያድርግልህ» አለ፣ ዓይኑን ከአቡጀዲው ሳያነሳ።

ዓለምነው ግን ወዲያው አልወጣም።

«ያንን ቅል አምጪው እስቲ።»

«ባዶ ነው እኮ» አለች።

«ከሥሩ አይጠፋም።»

ቅሉን ከክንዷ ላይ ራሱ ወሰደው። ጣቱን አስገብቶ ጠርጎ አወጣ። ትናንት እሷ ራሷ የናጠችው ቅቤ ነው። ማጠፊያዋን አራስ ልጅ እንደሚያሹት ቀስ አድርጎ፣ ሳይቸኩል አሻት። ከፈታት፤ «ሲጥጥ» አለች። አጠፋት፣ ቅቤ ጨመረላት፣ ደግሞ ከፈታት፤ «ሲጥ» አለችና ቆመች።

ለሦስተኛ ጊዜ ሊከፍታት በጋቢው ውስጥ አስገባት።

የሻረግ ጆሮዋን ጥላ አዳመጠች። ከውጭ የገበያው ሁካታ፣ የፈረሶች ኮቴ፣ አንዲት ሴት በርበሬዋን ስታሞግስ ይሰማል። ከጋቢው ውስጥ ግን ምንም አልተሰማም። የሻረግ ገና ስትከፈት እሰማለሁ ብላ እየጠበቀች ሳለ፣ ከጋቢው ጠርዝ ሥር ቅቤ የነካው ስለት ቀስ ብሎ ብቅ አለ።