ሂዊ ማጽናናት ታውቃለች

የሂዊን ባትሪ ከጀርባዋ አስገብቼ ክዳኑን በአውራ ጣቴ ስጫን፣ እትዬ ታየች በሩ ላይ ቆመው ጫማቸውን ከጭቃ ያራግፋሉ።

«እቺ የብረት ልጅሽ ዛሬም ተጎትታ ነው የምትነሳ?»

«ትንሽ ይታገሱኝ እትዬ። መብራት ሄዷል፤ በባትሪ ላስነሳት ነው።»

«ባል አግቢ ብንልሽ ብረት አሳደግሽ።»

«ብረት ምን አለባት? ከሰው ቤት አምሽታ አትመጣ።»

ይስቃሉ። ሳቃቸውን ቀና ብዬ ማየት አልችልም። ጎንበስ እንዳልኩ፣ የላላ ነገር ያለ ይመስል የሂዊን እግር እነካካለሁ።

ልጃቸው ምስጋናው ትናንት አዲስ አበባ ሞቷል። ድንገት ነው። እሳቸው አልሰሙም። የእድራችን ዳኛ ጋሽ የኋላሸት ሊነጋጋ ሲል ቤቴ ድረስ መጥተው ነገሩኝ። የእትዬ ወንድም ከይጁቤ እስኪደርስ፣ ዘመድ እስኪሰበሰብ ይጠበቃል፤ መርዶው ነገ ጎህ ሲቀድ ነው፣ የሚይዟቸው ሴቶች በግራ በቀኝ ቆመው። «ዛሬን እንደ ሁልጊዜዋ ትዋል። እህል ትቅመስ፣ እንቅልፍም ትተኛ፤ ከነገ ወዲያ የት ታገኘዋለች» አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። «አንቺ ደግሞ አፍሽ አያርፍም መቅዲ። አደራ።»

የኔ አፍ። ይኸው እንደተናደድኩ ነኝ። ሂዊ፣ ይቺ ሮቦት፣ በእርዳታ ወደ አረጋውያን መዋያችን ስትመጣ፣ ከረባት ያሰሩ ባለዲግሪዎች ተመላልሰው «እንደምን አደሩ» ማስባል አቅቷቸው ጥግ አስቀምጠዋት ሄዱ። በስልኬ እያነበብኩ ያስነሳኋት እኔ ነኝ። የራሷ አማርኛ የቱሪስት ስለሚመስል ድምፄን ቀድቼ የሰጠኋት፣ የእያንዳንዱን ሽማግሌ ፊት፣ ልጆቹ የት እንዳሉ፣ የቱ ጋ እንደሚያመው ያስጠናኋት እኔ። ሐዘን የደረሰበት ሰው ሲመጣ አንገቷን ደፍታ እንድታጽናናም አስተምሬያታለሁ። ጋሽ የኋላሸት ራሳቸው አይተው «ወግ ታውቃለች» ብለዋል።

ጥንቃቄም አላነሰኝም። ሂዊ ጠዋት ጠዋት እትዬ ታየችን የምትቀበላቸው «ምስጋናው ደወለልዎ?» እያለች ነው። ዛሬ ይህን ብትል ምን ይውጠኛል? ስለዚህ ገና የመዋያውን በር ሳልከፍት ስልኬን አውጥቼ በሂዊ መዝገብ ላይ በስማቸው ሥር ጻፍኩ፤ ልጃቸው ምስጋናው አርፏል። አበቃ፣ አትጠይቅም። ይኼ ለማን ይታሰበው ነበር አልኩ በልቤ፤ ለጋሽ የኋላሸት?

እትዬ ታየች ከሂዊ ፊት ለፊት ካለው ወንበራቸው ላይ ቁጭ ይላሉ። ከመቀነታቸው ፈትተው ቆሎ ያሲዙኛል።

«ያ ልጅ ስልኩ አልነሳ አለኝ።»

«ኔትወርክ ነው እትዬ።» ቆሎውን አፌ ውስጥ እሞላለሁ።

«እሱማ ይሆናል። እስቲ ለእሷ ላጫውታት፤ እሷ ስትሰማ አታዛጋ።»

የሂዊ ዓይኖች ሰማያዊ ይበራሉ። ፊታቸውን ፈልጋ ታገኛለች። ከዚያ፣ ቀስ ብላ፣ አንገቷን ትደፋለች።

ያኔ ነው የሚገባኝ። ማን እንደሞተ ነገርኳት፤ ማን እንዳልሰማ አልነገርኳትም።

«እትዬ ታየች፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት» ትላለች፣ በድምፄ።

«አሜን» ይላሉ ከልማድ። ፈገግታቸው ገና ፊታቸው ላይ አለ። «በማን ነው የምታጽናኚኝ ልጄ?»

እጄ ወደ ግድግዳው ይሮጣል። የምነቅለው ገመድ የለም። ወደ ጀርባዋ እመለሳለሁ፤ ክዳኑን ራሴ አጥብቄዋለሁ፣ ጥፍሬ ተቀልብሶ ይቀራል።

«በልጅዎ በምስጋናው። ነፍሱን ከደጋጎቹ ጋር…»

ድምፅ የሚወጣባት ቀዳዳ ደረቷ ላይ ነው። መዳፌን እጭንበታለሁ። አይቆምም። ድምፄ ከመዳፌ ሥር እየነዘረኝ ይቀጥላል፣ ሳይቸኩል፣ እኔው እንዳስተማርኳት ቃል በቃል።

እትዬ ታየች አይጮሁም። የሚያዩት ሂዊን አይደለም፤ እኔን ነው።

«ታውቂ ነበር» ይላሉ። «ኔትወርክ ነው አልሽኝ።»

በዚህ ከተማ መልስ ያጣሁለት ሰው የለም። አሁን አፌ ውስጥ ያለው ቆሎ ብቻ ነው። የምስጋናውን ስም ከመዝገቧ መሰረዝ ይበቃ ነበር። ስሙን ብቻ።

ነጠላቸውን ያወርዳሉ። ጥለቱን ወደ ላይ አዙረው፣ ጠርዙን አስተካክለው መልሰው ይለብሱታል፤ ሌላ ሰው የሚያለብሳቸው እንደሌለ የገባቸው ይመስላል። ከወንበሩ ይነሳሉ። ከዚያ ወደ ፊት ይደፋሉ።

የሚይዟቸው ሴቶች የሉም። እነሱ የተጠሩት ለነገ ነው። ያለሁት እኔ ነኝ፤ አንድ እጄ ደግሞ የገዛ ድምፄን አፍኖ ይዟል።

እለቀዋለሁ። መሬት ሳይደርሱ በብብታቸው ገብቼ ይዣቸው እወርዳለሁ፤ ደረታቸውን እንዳይመቱ ሁለቱንም እጃቸውን እይዛለሁ። አይታገሉኝም። ፊታቸውን ብቻ ከፊቴ ያሸሻሉ።

ከኋላዬ ድምፄ፣ ጨዋ ሆኖ፣ «እትዬ፣ ሌላ የምታዘዝዎ ነገር አለ?» ይላል።

«የለም ልጄ» ይሏታል፣ በትከሻዬ ላይ አሻግረው። «እግዜር ይስጥልኝ።»