የጎርፉ መንደር ነዋሪዎች

ኩባንያው ሲመሠረት ቢሮው ከጎማ ጥገና ቤት በላይ ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። ሥራው ሌሎች የሠሩትን የቪዲዮ ጨዋታ ተቀብሎ፣ አሳምሮ ለገበያ ማቅረብ ነው። «የጎርፉ መንደር» የተባለው ጨዋታ ሲወጣ ቀን ወጣላቸው። ሰዎች ከየቤታቸው በኢንተርኔት እየተገናኙ በጋራ ወንዝ ይገድባሉ፣ ቤት ይሠራሉ፣ ያወራሉ። ወዲያው አንድ ትልቅ ድርጅት መጣና ኩባንያውን ገዝቶ ተቀጥላው አደረገው።

ከዚያ በኋላ ያወጧቸውን ጨዋታዎች ሁሉ ውሃ በላቸው። ሠራተኛው ተራ በተራ ተሰናብቶ አምስት ሰው ቀረ፤ ሥራ አስኪያጁ፣ ሰዓሊዋ፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ፣ የደንበኛ አቤቱታ የሚሰማው ጎልማሳ፣ እና ከቅጥነቱ የተነሣ «ሽቦ» የሚሉት የኮምፒውተር ባለሙያ።

የእናት ድርጅቱ ትእዛዝ አጭር ነበር። «የጎርፉ መንደር»ን የሚጫወት ሰው እስካለ ቢሮው ይቆያል፤ ሰው ከጠፋ ይዘጋል። ሠራተኛ እንዳይጫወት ድሮም ክልክል ነው፤ የጨዋታውን ጓዳ ጎድጓዳ ስለሚያውቅ ደንበኛውን ያማርራል ተብሎ። የተገኘ ይባረራል።

ሥራ አስኪያጁ ጡረታው ደርሷል። ሚስቱን ቀብሯል፣ ልጅ አልወለደም፤ ያለው ይህ ቢሮ ብቻ ነው። «ይቺ ከተዘጋች እኔንም አብራችሁ ዝጉኝ» ይላል እየቀለደ። የሚስቅለት የለም። ጠዋት ጠዋት አምስቱም ዓይናቸው ቀልቶ ይገባሉ። እንጀራው ሊቋረጥ ለደረሰ ሰው እንቅልፍ ከየት ይመጣለታል።

ተጫዋቾቹ ግን፣ ጥቂትም ቢሆኑ፣ አንድም ምሽት ቀርተው አያውቁም። ይህን ያህል ያረጀ ጨዋታ ይህን ያህል ታማኝ ሰው ማግኘቱ እናት ድርጅቱን አጠራጠረው። ኦዲተር ላከ።

ኦዲተሯ ገና ስትገባ ዓይኗ ሽቦ ላይ አረፈ።

«ጨዋታውን የሚያስኬደው ማሽን ጋ የምትውለው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ማታስ?»

«ማታ ቤቴ ነኝ። እናቴ ታማብኛለች» አላት፤ ዓይኗን አላየም።

በራሳቸው የሚንቀሳቀሱ የውሸት ተጫዋቾች መፍጠር እንደ እሱ ላለ ባለሙያ ምንም እንዳልሆነ ታውቃለች። ሥራ አስኪያጁም በሆዱ ይህንኑ ሲያብላላ ከርሟል። በምሳ ሰዓት ሽቦን ወደ ደረጃው ጠራው።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ማሽን ናቸው አይደል?»

«አይደሉም ጋሼ። ሰዎች ናቸው።»

«በምን አወቅህ?»

«ስለሚሳሳቱ ነዋ። ደግሞ ማሽን አያኮርፍም። ትናንት አንዱ፣ ግድቡን አፈረሳችሁብኝ ብሎ ተሳድቦ ወጣ።»

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገና ሌላ ሳይጠይቅ ወደ ቢሮው ተመለሰ።

ኦዲተሯ ማሽኑን በረበረችው። የውሸት ፕሮግራም የለም። ተጫዋቾቹ የሚገቡት ከተለያየ ሰፈር ነው። አሁንም አላመነችም፤ ሆቴሏ ሆና፣ ስሟን ቀይራ ራሷ ገባች። የመንደሩ ሰዎች በደስታ ተቀበሏት። አንዱ ውሃው በየት በኩል እንደሚመጣ ነገራት፣ አንዷ ጣሪያ አቆመችላት። ሁሉም መንደሩን አብጠርጥረው ያውቁታል።

«ለምንድን ነው ሁልጊዜ የምትመጪው?» ብላ ጻፈችላት፣ ጣሪያ ላቆመችላት ሴት።

«እኔ ከቀረሁ መንደሩ የሚጠፋ ይመስለኛል» ስትል ሴትዮዋ መለሰች።

ኦዲተሯ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ሆዷ ባባ። እሷም ከሆቴል ሆቴል ስትንከራተት የኖረች ሰው ናት፤ እንዲህ ያለ ጎረቤት ኖሯት አያውቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሽቱን የምትጠብቀው ለሥራዋ ብቻ አልነበረም።

በመጨረሻ አምስቱን ሰበሰበቻቸው።

«ሰዎች ናቸው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ሪፖርቴን ነገ ጠዋት እልካለሁ። ቢሮው አይዘጋም።»

ሰዓሊዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ መልሳ እንባዋን ጠረገች። ሒሳብ ሠራተኛዋ ወንበሯ ላይ ዝርግት አለች። ሥራ አስኪያጁ የሽቦን ትከሻ ያዘ።

«ይቅር በለኝ። በከንቱ ጠርጥሬሃለሁ።»

ሽቦ ሊመልስለት ሲል ስልኩ ጠራ። እናቱ አርፋ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቀበሯት። አራቱም አብረውት ሄዱ፤ ከቀብር መልስም ብቻውን አልተዉትም። ሥራ አስኪያጁ «ዛሬ ሌላ ሐሳብ የለም፤ ከልጁ ጋር እናመሻለን» አለ። ስልካቸውን አጥፍተው ዙሪያውን ተቀመጡ።

ኦዲተሯ ሻንጣዋን ሸክፋ ስትጨርስ ሪፖርቷ ተጽፎ አልቋል። ከመተኛቷ በፊት የመንደሩን ሰዎች ልትሰናበት ጨዋታውን ከፈተች። ሁልጊዜ የሚገናኙበት ሰዓት ነው። ጎርፉ እየመጣ ነበር። ግድቡ ላይ ቆማ ተጣራች። አምስቱንም ቤቶች አንድ በአንድ ዞረች። ተቀምጣ ጠበቀች።

መንደሩ ውስጥ ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም።